ችፌ ምንድን ነው? ከምንስ ይመጣል?



ስለ ቆዳ ሕመም እንድንጽፍ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ለዚህ ዓምድ መድረስ ከጀመሩ ቆይተዋል። አብዛኞቹ ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ "ምን ልቀባ?" የሚል። ሁለቱ ግን ከቅባት ያለፈ ነገር ይዘዋል። አንዲት እናት የ7 ዓመት ሴት ልጃቸው ቁርኣን በምትቀራበት ቤት ልጆቹ "እከክ ታጋባብናለች" ስላሏት ከምንጣፉ ዳር ለብቻዋ ትቀመጥ እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ አልሄድም ብላ እንዳስቸገረቻቸው ጽፈውልናል። በግንባታ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወንድም በበኩሉ፣ ኒካሑ ሊታሰር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የልጅቷ ቤተሰቦች የእጁን መሰነጣጠቅና መቁሰል አይተው "ለዘር የሚተርፍ በሽታ ነው" በማለት ነገሩን እንዳቋረጡት ገልጾልናል። ሁለቱም ሐኪም ዘንድ ቀርበው የተነገራቸው የሕመም ስም አንድ ነው፤ ችፌ። ሐኪሞች ኤግዚማ የሚሉት ማለት ነው። ይሁን እንጂ የልጅቱና የወጣቱ ሕመም መነሻው ለየቅል ነው፤ መፍትሔውም እንዲሁ። ስሙ አንድ በመሆኑ ብቻ ብዙ ቤተሰብ የማይገባውን ሲቀባ፣ የማይገባውን ሲፈራ፣ የማይገባውን ሰው ሲያርቅ ስለምናይ በዚህ እትም ስለ ችፌ መነሻዎችና ዓይነቶች ልንጽፍ ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ ቁርጡን እንናገር። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ ከአንድ ማዕድ በመብላት፣ በአንድ ሙስሐፍ በመቅራት፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ በመስገድም ሆነ በትዳር አይጋባም። የቆሻሻ ምልክትም አይደለም። እንዲያውም ወደ ኋላ እንደምናየው በሳሙና ከልክ በላይ በሚታጠብ ሰው ላይ የሚብስ ሕመም ነው። ልጅቱ ወደ ቁርኣን ቤቷ ትመለስ፤ ኡስታዟም ከመካከል ያስቀምጧት።

ኤግዚማ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ "ገንፍሎ መውጣት" ማለት ነው። ስያሜው የተሰጠው ቆዳው ሲቆጣ በላዩ የሚወጡትን ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች በማየት ነው። በሐኪሞች አነጋገር ችፌ የቆዳ የላይኛው ክፍል መቆጣት ነው። ሲጀምር ያሳክካል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ውኃ ያዥበታል። ሲቆይ ደግሞ ይደርቃል፣ ይቀረፈራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ እየታከከም ይወፍራል። በየትኛውም ዓይነቱ የማይቀር አንድ ነገር ቢኖር ማሳከክ ነው።

ነገሩ እንዲገባን የቆዳችንን የላይኛውን ሽፋን በድንጋይ እንደተሠራ ግንብ እናስበው። ሴሎቹ ድንጋዮቹ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ተፈጥሯዊ ቅባት ደግሞ ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ነው። ግንቡ ደህና ሲሆን ከውስጥ ያለው እርጥበት አይወጣም፤ ከውጭ ያለው አቧራ፣ ሳሙናና ጀርም አይገባም። ጭቃው ሲታጠብ ወይም ሲፈጠርም ስስ ሆኖ ሲገኝ ግን ቆዳው ይደርቃል፤ የማይገባው ነገር ሰርጎ ይገባል፤ የሰውነት የመከላከያ ኃይልም ጠላት ገባ ብሎ ይነሣል። መቆጣቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሁሉም ችፌ ታሪክ በጥቅሉ ይህን ቢመስልም፣ ግንቡን ያፈረሰው ማን ነው የሚለው ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ዓይነቶቹን ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው።

የመጀመሪያውና በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው አቶፒክ የሚባለው ነው። ይህ በተፈጥሮ ከሚወረስ የቆዳና የመከላከያ ኃይል ጠባይ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ አስም ያለበት፣ ወይም አቧራና የአበባ ብናኝ ሲነካው የሚያስነጥሰው ሰው ብዙ ጊዜ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት ዕድሜ በፊት ይጀምራል። በሕፃንነት ጉንጭና ጭንቅላት ላይ፣ ከፍ ሲሉ በክርንና በጉልበት እጥፋት፣ በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት፣ በአዋቂነት ደግሞ በአንገት፣ በዐይን ሽፋንና በእጅ ላይ ይወጣል። ከብዙዎቹ ልጆች ላይ ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ እየቀለለ ይሄዳል።

የአውሮፓ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ፊላግሪን የሚባለውን የቆዳ ግንብ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ጉድለት ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑን ደርሰውበታል። ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ነገር ግን በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመዱትን የፊላግሪን ጉድለቶች በእኛ ሰዎች ላይ አላገኘም። ለአንድ ሕዝብ የተገኘ ምክንያት ለሌላው እንዳለ አይገለበጥም ማለት ነው። ዘር ብቻውን ደግሞ ሕመሙን አያመጣም፤ ብርድ፣ ድርቀት፣ ላብ፣ ሳሙና፣ ሻካራ ልብስ፣ ጭንቀትና ሌላ ሕመም ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ "ለዘር የሚተርፍ" የሚለው አነጋገር ከዚህ ዓይነቱ ላይም ቢሆን የሚተርፈው ዝንባሌው እንጂ ሕመሙ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ለኒካሕ እንቅፋት የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለልን አንድ ነገር እናንሣ። በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ዘመን ችፌ ሲገለጽ የኖረው በነጭ ቆዳ ላይ ባለው መልኩ፣ "ቀይ ሽፍታ" እየተባለ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ አመድማ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ፀጉር በሚበቅልበት ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ጥቃቅን ጠጠር ሻካራ ሆኖ ይዳሰሳል። በዚህ የተነሣ ሕመሙ የጠናበት ልጅ "ቀለል ያለ ነው" ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በዐይን ብቻ ሳይሆን በጣት ዳስሶ ማየት ይበጃል። ሌላው ደግሞ ሕመሙ ከዳነ በኋላ ቦታው ለወራት ገርጥቶ ወይም ጠቁሮ መቆየቱ ነው። የገረጣውን አይተው "ለምጽ ወጣባት" ብለው የሚደናገጡ ወላጆች አሉ። ለምጽ ቀለሙ ጨርሶ የጠፋ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ይህኛው ግን የደበዘዘ ብቻ ሲሆን ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ሁለተኛው ዓይነት ከንክኪ የሚመጣው ነው። የግንባታ ሠራተኛው ወንድማችን ነገርም ወደዚህ ሳይመጣ አይቀርም። ይህ ራሱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ማንንም ሰው ደጋግሞ ቢነካው ቆዳውን የሚልጥ ነገር የሚያመጣው ነው። ቀኑን ሙሉ እጃቸው በውኃ፣ በዱቄት ሳሙናና በበረኪና ውስጥ የሚውል እናቶች፣ የልብስ አጣቢዎች፣ የምግብ ቤት ሠራተኞችና ነርሶች በዚህ ይጠቃሉ። ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች የሄዱ ብዙ እህቶቻችን የእጃቸው ቆዳ ተሰነጣጥቆ ጣታቸውን ማጠፍ እስኪያቅታቸው የሚደርሱት በዚሁ ነው፤ ጠንካራ የማጽጃ ኬሚካል በባዶ እጅ እየነኩ መዋል ውጤቱ ይህ ነው። መድኃኒቱ ግማሹ ጓንት ነው። የላስቲኩ ጓንት ውስጥ ላቡን የሚመጥ ስስ የጥጥ ጓንት ቢኖር ደግሞ ይመረጣል።

ሁለተኛው በአለርጂ የሚመጣ ነው። ይህ ማንንም አይነካም፤ ሰውነቱ አንድን ነገር "ጠላት" ብሎ የመዘገበበትን ሰው ብቻ እንጂ። አንዴ ከተመዘገበ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይሰረዝም። ለዓመታት ያለ ችግር የተጠቀሙበት ነገር አንድ ቀን ሊነሣባችሁ ይችላል፤ "ሁልጊዜ የምጠቀምበት ስለሆነ እሱ አይሆንም" የሚለው ክርክር አያዋጣም። ሽፍታውም የሚወጣው ወዲያው ሳይሆን ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሰዎች ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሲፈልጉ ይውላሉ። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሜት የተባለ ንጥረ ነገር ከዋነኞቹ አንዱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ በሲሚንቶ ውስጥ ያለው መጠን ከሚሊዮን 2 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው። ኒኬል ሌላው ነው። ርካሽ የጆሮ ጌጥ፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የሒጃብ መርፌ ሁሉ ኒኬል ሊኖርባቸው ይችላል። ከእምብርት በታች ብቻ የሚያሳክክ ሽፍታ ያለበት ወጣት የሱሪውን ቁልፍ ይመርምር። አገጯ ሥር፣ መርፌው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ የምትታከክ እህት ደግሞ መርፌውን በፕላስቲክ ወይም በጨርቅ ማሰሪያ ለጥቂት ሳምንታት ቀይራ ትየው።

ስለ ሒና ግን ረዘም አድርገን መናገር ግድ ይለናል። ዒድ ሲቃረብና ሠርግ ሲኖር እህቶቻችን እጅና እግራቸውን ማስዋባቸው የቆየ ልማድ ነው። እናቶቻችን በእንሶስላ ሥር ሲቀቡ ኖረዋል። እውነተኛው የሒና ቅጠል የሚሰጠው ቀለም ወደ ብርቱካንና ቀይ ቡናማ የሚያደላ ሲሆን፣ እስኪይዝም ለሰዓታት መቆየትን ይጠይቃል። ዛሬ በየውበት ሳሎኑ "ጥቁር ሒና" እየተባለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚሆነው ግን ሒናው ጠቁሮ አይደለም፤ ፓራፌኒሊንዲያሚን የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ተጨምሮበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህ ኬሚካል በፀጉር ቀለም ውስጥ እንኳ ፀጉር ላይ ሲውል ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በቆዳ ላይ እንዲቀባ ግን አይፈቀድም። አለርጂ የያዘበት ሰው ላይ የአበባው ሥዕል ባለበት ልክ ቆዳው ውኃ ይቋጥርና ይላጣል፤ ጠባሳ ሊተውም ይችላል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ያቺ ልጅ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ልታቀልም ስትል ፊቷና ዐይኗ አብጦ ሐኪም ቤት ልትገባ መቻሏ ነው። ለአንድ ቀን ጌጥ ተብሎ በ6 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ይህን መቀባት አግባብ ነው ብለን አናምንም። ሒናውን ራሳችሁ በጥብጡት፤ ወይም የምትቀባውን እህት ምን እንደጨመረችበት ጠይቋት። ጥቁር ከሆነና ቶሎ ከያዘ ይቅርባችሁ።

ሽቶም እንዲሁ ነው። አልኮል የሌለበት ነው ተብሎ በትንሿ ብልቃጥ የሚሸጠው ዐጥር የሽታው ቅመም የተጠራቀመበት በመሆኑ በቀጥታ አንገትና እጅ አንጓ ላይ ሲቀባ ቆዳ የሚያስቆጣበት ጊዜ አለ። ለጁሙዓ መልካም መዓዛ መቀባቱ ሱንና መሆኑን ማን ይክዳል? ችፌ ያለበት ሰው ግን ከቆዳው ይልቅ ልብሱን ቢቀባ መዓዛውም ይቀራል፣ ቆዳውም ይተርፋል።

ሦስተኛው ቅባታማ የሰውነት ክፍሎች ላይ የሚወጣው ነው። ራስ ቅል፣ ቅንድብ፣ የአፍንጫ ጎን፣ ከጆሮ ኋላ፣ ጢም ውስጥና ደረት ላይ እየተቀረፈረ የሚታይ ሲሆን፣ ፎረፎር የምንለው የዚሁ ቀላሉ መልክ ነው። ማላሴዚያ ከምትባል በሁሉም ሰው ቆዳ ላይ ከምትኖር ጥቃቅን ፈንገስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ይረዳዋል። ጢማቸውን ያሳደጉ ወንድሞች ሻምፖውን ጢማቸው ሥር እስከ ቆዳው አድርሰው ለጥቂት ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ቢታጠቡት መልካም ነው። በሕፃናት አናት ላይ የሚጋገረው ቅርፊት ከዚሁ ወገን ነው፤ በወራት ውስጥ ይለቃል፣ በጥፍር አትፈቅፍቁት። በአዋቂ ሰው ላይ በድንገትና በኃይል የወጣ እንደሆነ ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል መዳከምን ሊያመለክት ስለሚችል የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልግም።

የቀሩትን በአጭሩ እናውሳቸው። እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እየሆነ እግርና ክንድ ላይ የሚወጣ አለ፤ ብዙዎች ጭርት ነው ብለው ይሳሳታሉ። መዳፍና የእግር ጣት ጎን ላይ እንደ ተቀቀለ ሩዝ ፍሬ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች የሚያወጣ አለ። ቆመው በሚውሉና የእግር ደም ሥራቸው በተገታተረ ሰዎች ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚወጣም አለ፤ ይህኛው እግርን ከፍ አድርጎ መቀመጥንና እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ እግርን ማሰርን ይፈልጋል፤ ችላ ከተባለም ወደማይድን የመሰለ ቁስል ይሄዳል። እንዲሁም አንድ ቦታን ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ማጅራትን ወይም ቁርጭምጭሚትን፣ ሳያውቁት እያከኩ በማወፈር የሚመጣ አለ።

ችፌ የሚመስሉ ግን ችፌ ያልሆኑ ሁለት ሕመሞችን ለይቶ ማወቅ የግድ ነው። እከክ ሌሊት ይብሳል፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በእምብርት ዙሪያና በብልት አካባቢ ይወጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ ያዳርሳል። በእ.ኤ.አ. 2015 እና 2016 በነበረው ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች የተዛመተው ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ሦስትና አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚታከክ ከሆነ ችፌ ሳይሆን እከክ ጠርጥሩ፤ ሁሉም በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። ጭርት ደግሞ ዳሩ ከፍ ብሎ መካከሉ እየጠራ የሚሰፋ የፈንገስ ሕመም ነው። ለችፌ የሚታዘዝ ቅባት ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግስና ፈንገሱን ግን ያሰፋዋል፤ መልኩንም ስለሚለውጠው ሐኪም እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

አሁን ወደ ውኃው ጉዳይ እንምጣ። አንዳንድ ወጣቶች "በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ ማድረግ ችፌዬን አባባሰው" ብለው ጽፈውልናል። ውኃው ብቻውን ይህን ያህል ጠላት አይደለም፤ ከእሱ ጋር የሚመጣው ሳሙና፣ የሙቀቱ መብዛትና ከታጠቡ በኋላ ቆዳን ሳያለሰልሱ መተው ነው ጉዳቱ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዉዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ገላቸውን የሚታጠቡት ደግሞ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውኃ ነበር። ሙድ ማለት በመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ የሚታፈስ ሲሆን ሊትር አይሞላም፤ ሷዑ አራት ሙድ ነው። በዚህ መጠን የሚታጠብ ሰው ቆዳውን አይልጥም። ቧንቧ ከፍቶ ሦስቱን ወደ ሰባትና ስምንት የሚያደርስ፣ ወስዋስም ሳሙና የሚያስጨምረው ሰው ነው የሚጎዳው።

እንግዲህ ችፌ ያለበት ሰው ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፤ ሳሙና ለሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ያድርግ፤ በፎጣ ሳይፈትግ እየነካካ ያድርቅ፤ ቆዳው ገና እርጥበት ሳይለቀው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀባ። ውድ ቅባት አያስፈልግም። "ቫዝሊን ተቀብቼ ዉዱእ ይሆንልኛል ወይ?" ለሚሉት፣ ዑለማዎቻችን የሚለዩት ውኃ እንዳይደርስ የሚከልል አካል ያለውን፣ ለምሳሌ ሰምንና የጥፍር ቀለምን፣ ቆዳ ላይ ዘይትነቱ ብቻ ከሚቀር ቅባት ነው። ስስ ተደርጎ የተቀባና ቆዳ ውስጥ የገባ ቅባት ላይ ውኃ ካለፈበት ዉዱእን አይከለክልም። ቆዳው ተላጥጦ ውኃ ሲነካው ሕመሙ የሚጨምር ወይም መዳኑን የሚያዘገይበት ሰው ደግሞ አላህ ተየሙምን ደንግጎለታል። በአቡ ዳውድ የተዘገበውን፣ ራሱ የቆሰለ ሰው ባልደረቦቹ ያለ ዕውቀት ካልታጠብክ ብለውት ታጥቦ መሞቱንና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ምን ያህል እንደተቆጡ እናስታውስ። የቆዳውን ሁኔታ ሐኪም፣ ሑክሙን ዐሊም ይጠየቅ።

ስለ ልብስም በሐዲስ የመጣ ነገር አለ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ለዙበይር ኢብኑል ዐዋምና ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ያሳክካቸው ስለነበር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ሐር ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ መፈቀዱ የማሳከክ ስቃይ ቀላል ተደርጎ እንዳልታየ ያስረዳል። ዛሬ ለስላሳ ጥጥ ስላለን ብዙዎቻችን ወደዚያ ፈቃድ መሄድ አያስፈልገንም፤ የሚሻክረውን ሱፍ ግን ከልጁ ገላ አርቁ። ከሥር ጥጥ አልብሳችሁ ከላይ ብትደርቡለት ይሻላል።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ በብዛት የሚታዘዘው የስቴሮይድ ቅባት ነው። ሃይድሮኮርቲዞን በቅባት መልክ ለቆዳ ሕመም እንደሚረዳ ከታወቀ ከእ.ኤ.አ. 1952 ወዲህ ነው። በዚህ ቅባት ላይ ሰዎች በሁለት ወገን ሲሳሳቱ እናያለን። አንደኛው ወገን ስሙን ፈርቶ ጨርሶ አይነካውም፤ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እያከከ ያድራል። ሐኪሙ ባዘዘው ጥንካሬና ለታዘዘው ቀን ያህል የተቀባ ቅባት ከሚፈራው ጉዳት ይልቅ ጥቅሙ እጅግ ይበልጣል። ሌላው ወገን ደግሞ ክሎቤታዞልን የመሰለውን እጅግ ጠንካራውን ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ ገዝቶ ለወራት ይቀባል፤ ይባስ ብሎም ፊት ለማቅላት ሲሉ የሚቀቡት አሉ። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ የማይጠፋ ሸንተረር ይወጣበታል፤ ብጉር ያፈላል፤ ዐይን አካባቢ ሲሆን የዐይን ግፊትን ሊጨምር ይችላል። ሲያቆሙትም ከበፊቱ የባሰ ይነሣል። አላህ አሳምሮ የፈጠረውን መልክ ለማቅላት ሲባል ይህን ሁሉ መሸከም ምን ይሉታል?

ስለ መጠኑ ቀላል መለኪያ አለ። ከቱቦው በአዋቂ ሰው አመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ የሚበቃውም ሁለት የአዋቂ መዳፍ ለሚያህል ቦታ ነው። ረመዳን ላይ የሚጠይቁንም አሉ፤ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጂዳ ባደረገው 10ኛ ጉባኤው በቆዳ በኩል የሚገባ ቅባት ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል።

ስለ ባህላዊው መድኃኒት ያለን አስተያየት ይህ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ ወቅጦ በተቆጣ ቆዳ ላይ ማሰር ቆዳውን እንደ እሳት ያቃጥለዋል፤ አይደረግም። ስለ ጥቁር አዝሙድ የመጣውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእጅ ችፌ ላይ በቅባት መልክ ተሞክሮ መልካም ውጤት የታየበት አነስተኛ ጥናትም አለ። ያም ሆኖ ንጹሑ ዘይት በቆዳ ላይ ሲቀባ አለርጂ ያስነሣባቸው ሰዎች ስላሉ በተላጠ ቆዳ ላይ እንዳለ መቀባቱን አንመክርም። በቁርኣን ሩቅያ ማድረግ ከሐኪም መድኃኒት ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም። የሚጎዳው ልጁን ለወራት ያለ ሕክምና አስቀምጦ "ዐይን ነው" እያሉ መዞር ነው። ምግብን በተመለከተ ደግሞ በአንዳንድ ሕፃናት ላይ እንቁላል ወይም የላም ወተት ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ነገር ግን ሐኪም ሳያረጋግጥ ወተቱንም እንቁላሉንም ከልጁ መንፈግ በችፌው ላይ የምግብ እጥረት መጨመር ነው። የእናት ጡት ማስጣል ፈጽሞ አይገባም።

ጥፍር ይቆረጥ፤ ሱንና ነው፤ ለችፌም መድኃኒት ነው። በታከከ ቦታ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ጀርም ይገባና ቢጫ ቅርፊት፣ መግልና ትኩሳት ያስከትላል። በዚህ ጊዜ የልጁን ፎጣ ለዩ፤ ጀርሙ ይተላለፋልና። ከዚህም የሚያስፈራው ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ችፌ ባለበት ልጅ ቆዳ ላይ ሲዛመት ነው። ምች የወጣበት አባት፣ እናት ወይም አያት ችፌ ያለበትን ሕፃን እስኪድን ድረስ አይሳመው። በድንገት አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ መካከላቸው የተቦረቦረ ብዙ ጥቃቅን ቁስሎች ከትኩሳት ጋር ከወጡ፣ በተለይም ዐይን አካባቢ ከሆነ፣ ለነገ የሚባል አይደለም። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ቀላሉን ችፌ ያክማል። አልመለስ ያለውን ወደ ቆዳ ሐኪም ይልካል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው አለርትና ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥተው ለቆዳ ሕሙማን የታወቁ ሆነዋል። ሥጋ ደዌ የሚታከምበት ቦታ ነው ብላችሁ አትሽሹ። ስትሄዱም እስከ ዛሬ የቀባችሁትን ቱቦ ሁሉ፣ ባዶውንም ቢሆን፣ የሒናውን ማሸጊያ፣ የሳሙናውን ልጣጭ በፌስታል ሰብስባችሁ ያዙ። የሥራችሁን ዓይነትና ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ምን እንደነካችሁም ንገሩት። ሐኪሙ ከቆዳው ይልቅ ከፌስታሉ ውስጥ መልሱን የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።